ከሀዋሳ እስከ ጂዳ፦ በሰማይ ሁለት ሰዓት፣ በምድር ስንት ቀን?



ሀዋሳ ላይ ለሰላት ስንቆም ፊታችንን የምናዞረው ወደ ሰሜን ነው፤ በጥቂት ዲግሪ ብቻ ወደ ምሥራቅ ዘንበል ይላል። ይህ የቂብላ አቅጣጫችን የሐጅ ጉዟችንም አቅጣጫ ነው። ሀዋሳ፣ አዲስ አበባ፣ ጂዳና መካ ካርታ ላይ ሲታዩ ከታች ወደ ላይ የተሰለፉ ይመስላሉ። አራቱም ከ38ኛው እስከ 40ኛው የምሥራቅ ኬንትሮስ ባለው ጠባብ ቦታ ውስጥ ናቸው። የሳዑዲ ዐረቢያና የኛ ሰዓት እንኳ ልዩነት የለውም፤ ሀዋሳ ላይ የሞላነው የእጅ ሰዓት መካ ላይም ትክክል ነው።

ርቀቱን በቁጥር እንየው። ከሀዋሳ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ ቦሌ በአየር 210 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከቦሌ እስከ ጂዳው ንጉሥ ዐብዱልዐዚዝ አውሮፕላን ማረፊያ 1,400 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ከሀዋሳ በቀጥታ ወደ ጂዳ ቢለካ ደግሞ 1,600 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ጄት አውሮፕላን ከፍታውን ከያዘ በኋላ በሰዓት ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚበር፣ መነሻና ማረፊያው ተጨምሮ ከቦሌ ጂዳ ሁለት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። መዲና ራቅ ስለሚል ወደዚያ ሁለት ሰዓት ተኩል አካባቢ ይሆናል።

እንግዲህ ሁለቱ ሐረሞች ለኛ ይህን ያህል ቅርብ ናቸው። ከሀዋሳ አዲስ አበባ በመኪና የሚሄድ ሰው በሚያጠፋው ጊዜ አውሮፕላኑ ጂዳ ደርሶ ይመለሳል። ታዲያ ሐጅ ለአብዛኛው የደቡብ ሙስሊም የሩቅ ሩቅ ሆኖ የሚሰማው ለምንድን ነው? ጥያቄያችን ይህ ነው። መልሱም ርቀቱ ያለው በሰማይ ሳይሆን በምድር ነው የሚል ነው። በምድር ያለውን ርቀት ደግሞ የሠራው ሰው ነው፤ ስለዚህ ሰው ሊያሳጥረው ይችላል።

የአንድ አባት መንገድ

ለምሳሌ በሲዳማ ክልል ከሀዋሳ ወጣ ካለ ወረዳ የሚነሱ የ70 ዓመት አባት እናስብ። ምዝገባው፣ የባንክ ክፍያው፣ ፓስፖርቱና የማጅራት ገትር ክትባቱ ሁሉ አልቆላቸዋል እንበል። መጀመሪያ ከወረዳቸው ሀዋሳ ይመጣሉ። ከሀዋሳ አዲስ አበባ በየብስ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሻሸመኔን፣ ባቱንና ሞጆን አልፎ ለመድረስ መንገዱ ደህና ሲሆን አምስት ሰዓት ያህል ይፈጃል። የበረራ ቀናቸው ላይ ለመነሳት አይደፍሩም፤ አንድ የመኪና ብልሽት የዕድሜ ልክ ምኞታቸውን ሊያሳጣቸው ይችላልና። ስለዚህ ቢያንስ አንድ ቀን ቀድመው አዲስ አበባ ይገባሉ፤ ዘመድ ካላቸው ዘመድ ቤት፣ ከሌላቸው አልጋ ይዘው ያድራሉ። በማግስቱ በረራው ከመነሳቱ ብዙ ሰዓት ቀድመው ቦሌ ይገኛሉ። ሁለት ሰዓት ይበራሉ። ጂዳ ሲደርሱ ደግሞ የፓስፖርት፣ የጣት አሻራና የሻንጣ ወረፋ ይጠብቃቸዋል፤ ከዚያም መካ ለመድረስ 100 ኪሎ ሜትር ያህል በአውቶቡስ ይሄዳሉ።

ከቤታቸው ደጃፍ እስከ ካዕባ ሲደመር ሁለት ቀን ወይም ከዚያ በላይ ነው። ከዚህ ውስጥ አውሮፕላኑ በአየር ላይ የቆየው ሁለት ሰዓት ብቻ ነው። አባታችን ልጅ አስከትለው ቢመጡ የልጃቸው ትራንስፖርት፣ ምግብና አልጋ ይጨመራል። ሲመለሱም ያው ነው፤ ዘምዘማቸውን ተሸክመው፣ ደክመውና ጉንፋን ይዟቸው እንደገና 275 ኪሎ ሜትር።

ይህን ስንል ማንንም ለመውቀስ አይደለም። ዓለም አቀፍ በረራ በቦሌ በኩል መሆኑ የአገሪቱ የአየር ትራንስፖርት የተዋቀረበት መንገድ ነው። ነገር ግን ስለ ሐጅ ዋጋ ስንነጋገር የምንቆጥረው በደረሰኝ የተከፈለውን ብቻ መሆን የለበትም። ከክልል የሚነሳ ሑጃጅ በደረሰኝ የማይታይ ሌላ ክፍያም ይከፍላል።

«መንገዱን የቻለ» ማን ነው?

አላህ (ሱ.ወ) ሐጅን ግዴታ ያደረገው ወደዚያ የሚያደርሰውን መንገድ ለቻለ ሰው ነው። ዑለማዎቻችን ይህን ችሎታ ሲያብራሩ ስንቅና መጓጓዣ ይላሉ፤ ብዙዎቹ የአካል ጤናንና የመንገድን ሰላም ይጨምራሉ። በጥንቱ ዘመን መጓጓዣ ማለት ግመል ወይም ጀልባ ነበር። በዛሬው ዘመን ፓስፖርት፣ ቪዛ፣ የአየር ትኬትና በኮታ ውስጥ የተያዘ ቦታ ነው። ግመል የነበረው ሰው ራሱ ይነሳ ነበር፤ ዛሬ ግን የአንድ ሰው ችሎታ በብዙ ተቋማት ቅልጥፍና ላይ የተንጠለጠለ ሆኗል። ስለዚህ ተቋማት ሥራቸውን ባሻሻሉ ቁጥር ሐጅ የሚችሉ ሰዎች ቁጥር ይጨምራል ማለት ነው። ይህ ትልቅ አማና ነው።

ይህ መስመር ለኛ አዲስም አይደለም። በነቢይነት 5ኛው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ፣ የመጀመሪያዎቹ ሙሃጂሮች ከመካ ሸሽተው ወደ ሐበሻ የተሻገሩት ከሹዐይባ ወደብ ነበር። ጂዳ የመካ ወደብ የሆነችው ከዚያ በኋላ በ26ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ በኸሊፋው ዑስማን ኢብኑ ዐፋን (ረ.ዐ) ዘመን ነው። እነዚያ ሶሓባዎች ቀይ ባሕርን በጀልባ ተሻግረው የመጡበትን አቅጣጫ ዛሬ እኛ በተቃራኒው በአውሮፕላን እንሄድበታለን።

አጭር በረራ የሚያስከትለው ጥንቃቄ

የበረራው ማጠር አንድ ሃይማኖታዊ ጉዳይም ያስነሳል፤ እሱም ሚቃት ነው። ኢሕራም ሳያደርጉ ሚቃትን ማለፍ ለሐጅና ለዑምራ ነያሪ አይፈቀድም። ከኢንዶኔዥያ የሚመጣ ሰው ዘጠኝና አሥር ሰዓት ስለሚበር ለመዘጋጀት በቂ ጊዜ አለው። ከኛ የሚነሳው ግን አውሮፕላኑ ተነስቶ ምግብ ቀርቦ ሳህኑ ሲነሳ ወደ ማረፊያው እየተቃረበ ነው። በሰዓት 840 ኪሎ ሜትር የሚበር አውሮፕላን በደቂቃ 14 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። አምስት ደቂቃ ያሸለበ ሰው 70 ኪሎ ሜትር አለፈ ማለት ነው፤ ይህም ከሀዋሳ እስከ ሻሸመኔ ካለው ርቀት ሁለት እጥፍ ይበልጣል።

ስለዚህ በቀጥታ ወደ ጂዳ የሚበር ሰው ገላውን ታጥቦ የኢሕራም ልብሱን ከመነሳቱ በፊት፣ ቤቱ ወይም ካረፈበት ቦታ፣ ቢለብስ ይቀለዋል። ነያውንና ተልቢያውን ደግሞ በአውሮፕላን ውስጥ የሚቃቱ አቅራቢያ መደረሱ ሲነገር ያደርጋል፤ እንቅልፍ ይጥለኛል ብሎ የሚሰጋም ቀደም ብሎ ቢነይት ችግር የለውም። መጀመሪያ መዲና የሚያርፍ ግን መረጋጋት ይችላል፤ የመዲና ሚቃት ዙልሑለይፋ ከከተማዋ ወደ መካ ሲወጣ መንገድ ላይ ነው። የበረራ ቡድን መሪዎች ይህን ቦሌ ላይ በግርግር መሃል ሳይሆን ቀደም ብለው፣ ሑጃጁ ባሉበት ከተማ በራሳቸው ቋንቋ ቢያስረዱ መልካም ነው።

ኪሎ ሜትሩ ያው፣ ብሩ ግን ሌላ

ከሁሉ የከበደው ርቀት የገንዘቡ ነው። መንግሥት ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ አንድ የአሜሪካ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የሐጅ ዋና ዋና ወጪዎች፣ ማለትም በሳዑዲ የሚከፈለው የማረፊያ፣ የሚናና የዐረፋ አገልግሎት እንዲሁም የአየር ትራንስፖርቱ፣ መሠረታቸው የውጭ ምንዛሪ ነው። ከሀዋሳ ጂዳ ያለው መንገድ በአንድ ሜትር አልረዘመም፤ በብር ሲለካ ግን ጂዳ በአንድ ክረምት በእጥፍ ሊባል በሚችል ደረጃ ራቀች።

ይህ ቡና ሸጦ፣ በሱቅ ንግድ ወይም ከደመወዝ እየቀነሰ ለዓመታት ያጠራቀመ ሰው ላይ የወረደ ፈተና ነው። «ዘንድሮ ሞላልኝ» ብሎ ሲቆጥር የጎደለበት ሰው ሁላችንም እናውቃለን። እዚህ ላይ የማሌዥያ ልምድ ያስተምራል። ማሌዥያ እ.ኤ.አ. በ1963 ለሐጅ ብቻ የሚቆጥቡበት ተቋም አቋቋመች፤ ዛሬ ታቡንግ ሐጂ በሚል ስም ይታወቃል። የቆጣቢዎቹን ገንዘብ በሐላል መንገድ በእርሻና በሪል እስቴት ላይ ያውላል፤ ትርፉም ለቆጣቢው ይታሰባል። ዛሬ እኛም ዘምዘምና ሂጅራን የመሳሰሉ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆኑ ባንኮች አሉን። ገንዘብ አስቀምጦ መጠበቅ የብርን መውረድ አያሸንፍም፤ በሙዳረባ ሠርቶ የሚያተርፍ የረጅም ጊዜ የሐጅ ቁጠባ ግን ቢያንስ ይከላከላል።

ለአንዱ ሁለት ሰዓት፣ ለሌላው ሳምንታት

ስለ ጂዳ መንገድ ስናወራ ዝም ብለነው ልናልፍ የማይገባ ሌላ ተጓዥ አለ። ሕጋዊ ቪዛና ትኬት ማግኘት ያቃተው ወጣት ወደዚያው አገር የሚሄደው በጅቡቲ በረሃ በእግሩ አቋርጦ፣ ባብ አል መንደብን በጀልባ ተሻግሮና ጦርነት ያለባትን የመን አልፎ ነው። የሰርጡ ስፋት በጠባቡ ቦታ 30 ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ስንቱን ግን አስቀርቷል። ሐምሌ 27 ቀን 2017 ዓ.ም. በየመን አብየን ግዛት ዳርቻ የሰጠመችው ጀልባ ከ150 በላይ ሰዎችን የጫነች ነበረች፤ አብዛኞቹም ኢትዮጵያውያን ነበሩ። አላህ ይዘንላቸው።

በ2014 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት 100,000 ዜጎችን ከሳዑዲ ለመመለስ ሥራ ሲጀምር ተመላሾቹን ያመጣቸው አውሮፕላን ነው። ሲሄዱ ሳምንታት የፈጀባቸው መንገድ ሲመለሱ ሁለት ሰዓት ሆነ። ርቀት በኪሎ ሜትር የሚለካ ቢሆን ኖሮ ይህ ልዩነት ባልመጣ ነበር። ሕጋዊው በር ሲጠብ መንገዱ ይረዝማል፤ ሲሰፋ ያጥራል። ለሐጅም ለሥራም የሚሠራው ሕግ አንድ ነው።

ከኛ የራቁት እንዴት አሳጠሩት?

ከጃካርታ ጂዳ 7,900 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ርቀቱ ከኛ አምስት እጥፍ የሚጠጋ ቢሆንም የኢንዶኔዥያ ሑጃጅ ሁሉ ዋና ከተማዋ ላይ አይከማችም። ሱራባያ፣ ሶሎ፣ ማካሳር፣ ሜዳንና ባንዳ አቼን ጨምሮ ከብዙ ከተሞች በየአካባቢው ከተሰበሰበ በኋላ ይነሳል። ከአህጉራችን ናይጄሪያን ብንወስድም ሑጃጁ የሚነሳው ከአቡጃ ብቻ አይደለም፤ ከካኖ፣ ከሶኮቶ፣ ከማይዱጉሪና ከኢሎሪንም በረራ አለ። ካኖ ከጂዳ 3,400 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች።

ሳዑዲ ዐረቢያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2017 «የመካ መንገድ» የሚባል አሠራር ጀምራለች። ሑጃጁ ገና በአገሩ አውሮፕላን ማረፊያ ሳለ የሳዑዲ የመግቢያ ፍተሻው ያልቅለታል፤ ሻንጣውም በቀጥታ ወደሚያርፍበት ቦታ ይላካል። ጂዳ ወይም መዲና ሲደርስ ወረፋ ሳይጠብቅ ወደ አውቶቡሱ ይሄዳል። ማሌዥያ፣ ኢንዶኔዥያ፣ ፓኪስታን፣ ባንግላዴሽ፣ ቱርክ፣ ሞሮኮና ኮትዲቯር ከተጠቀሙት አገሮች ውስጥ ናቸው። እስከ እ.ኤ.አ. 2025 ሐጅ ድረስ አገራችን ከተጠቃሚዎቹ መካከል አልነበረችም። ከእነዚህ ሁሉ አገሮች ለመካ የምንቀርበው እኛ ነን።

ሀዋሳ ምን ይጎድላታል?

የሀዋሳ አውሮፕላን ማረፊያ መደበኛ በረራ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ያለው ከፍታ 1,700 ሜትር ገደማ ሲሆን ቦሌ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ስለሚሳሳ አውሮፕላን ለመነሳት ይከብደዋል፤ በዚህ በኩል ሀዋሳ ከቦሌ የተሻለች ናት። አካባቢዋን ስናይ ደግሞ ሲዳማ ብቻ አይደለም። ሻሸመኔና ምዕራብ አርሲ ከጎኗ ናቸው፤ ሐላባ ብዙም አትርቅም። ብዙ ሙስሊም የሚኖርበት ቀጠና ነው።

በቀጥታ በረራ ላይ የሚነሳውን መከራከሪያ በቅንነት ማየት አለብን። ዓለም አቀፍ በረራ ለማስነሳት የኢሚግሬሽን፣ የጉምሩክና የጤና ሠራተኞች፣ የደኅንነት ፍተሻ መሣሪያዎችና የሳዑዲ በኩል የማረፊያ ፈቃድ ያስፈልጋሉ። ሑጃጅ አድርሶ ባዶውን የሚመለስ አውሮፕላን ወጪ ነው። ቦሌ ላይ ሁሉም አንድ ቦታ መሆኑ ለአስተዳደር ይቀላል። እነዚህ ተገቢ ነጥቦች ናቸው። ሆኖም ባዶ የመመለሱ ወጪ ከቦሌም ቢነሳ ያለ ነው። ጥያቄው ዓመቱን ሙሉ ስለሚቆም ጣቢያም አይደለም፤ በሐጅ ወቅት ለጥቂት ቀናት ስለሚላኩ ሠራተኞች ነው። አንድ መካከለኛ ጄት 150 ሰው ገደማ ይይዛል፤ የአካባቢው ተመዝጋቢ ጥቂት አውሮፕላን የሚሞላ ከሆነ ነገሩ ሊሰላ የሚገባው ነው። ካልሞላ ደግሞ በቁጥር ታይቶ ይተው። እኛ የምንለው ስሌቱ ይሠራ፣ ውጤቱም ለሕዝቡ ይነገር ነው።

ቀጥታው በረራ እስኪሳካ እንኳ በትንሽ ወጪ የሚሠራ አለ። የሰነድ ማጣራት፣ የክትባት፣ የመታወቂያ ማደልና የሐጅ ትምህርት ሥራ ሀዋሳ ላይ ማለቅ ይችላል። ከሀዋሳ ቦሌ የሚሄደው የአገር ውስጥ በረራ ከሐጁ ትኬት ጋር ተያይዞ፣ ሻንጣው ሀዋሳ ላይ ተመዝኖ ጂዳ እንዲወረድ ቢደረግ አቅመ ደካሞች ከአዳሪ ወጪና ከመንገድ እንግልት ይድናሉ።

ቢሾፍቱና የሚመጣው ዘመን

በቢሾፍቱ አቅራቢያ አቡሴራ ላይ የሚገነባው አዲሱ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ይህን ስሌት ይለውጠዋል። የመጀመሪያው ምዕራፍ በዓመት 60 ሚሊዮን መንገደኛ እንዲያስተናግድ የታቀደ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2030 አካባቢ ሥራ እንዲጀምር ታስቧል። ቢሾፍቱ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ፣ ከሀዋሳ ለሚመጣው ሰው መንገድ ላይ ናት። 202 ኪሎ ሜትር የሚሆነው የሞጆ ሀዋሳ የፍጥነት መንገድ ከሞጆ እስከ ባቱ ያለው ክፍሉ ለትራፊክ ተከፍቷል። ቀሪው እስከ ሀዋሳ ሲጠናቀቅ የሀዋሳ መንገደኛ አዲስ አበባ ሳይገባ፣ በአማካይ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ቢነዳ፣ ከሦስት ሰዓት ባነሰ ጊዜ አውሮፕላን ማረፊያው ይደርሳል።

ጥሩ ዜና ነው፤ ግን ሕንፃ ሲያልቅ መጠየቅና ሲታቀድ መጠየቅ አንድ አይደሉም። የሐጅ ማስተናገጃ አዳራሽ፣ የውዱእና የሰላት ቦታ፣ የኢሕራም መልበሻ፣ «የመካ መንገድ» ዓይነት አሠራር የሚያስተናግድ ክፍል የሚጠየቁት አሁን ነው። ጂዳ እ.ኤ.አ. በ1981 ድንኳን የመሰለውን የሐጅ ተርሚናሏን ስትከፍት የሑጃጁን ጠባይ አስባ ነው የሠራችው፤ ተጓዡ በቤተሰብና በቡድን ሆኖ ለሰዓታት እንደሚቆይ ታስቦበታል።

የኢትዮጵያ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት በአዋጅ ቁጥር 1207/2012 ሕጋዊ ሰውነት አግኝቷል። ይህ ማለት በእነዚህ ጉዳዮች ላይ ከአየር መንገዱ፣ ከመንግሥትና ከሳዑዲ ባለሥልጣናት ጋር በሕዝበ ሙስሊሙ ስም ሊደራደር የሚችል ተቋም አለን ማለት ነው። የክልል መጅሊሶችም ከምዝገባ ባሻገር ሊያቀርቡለት የሚገባው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ቁጥር ነው። ከየወረዳው ስንት ሰው ተመዘገበ፣ ስንቱ ከ60 ዓመት በላይ ነው፣ ከቤቱ እስከ ቦሌ ስንት ቀንና ስንት ብር ፈጀበት? ይህን በእጁ የያዘ ሰው ጠረጴዛ ላይ የሚያቀርበው ነገር አለው።

እኛም በየመስጂዳችን ከሐጅ የሚመለሱ አባቶችና እናቶችን «ሐጀን መብሩር» ብለን ከተቀበልን በኋላ መንገዱ እንዴት እንደነበረ እንጠይቃቸው፤ የነገሩንንም እንጻፈው። በሰማይ ያለውን ሁለት ሰዓት አላህ አግርቶልናል። በምድር ያለው ቀን ግን በኛው እጅ ነው።

አላህ ያልሄደውን ወፍቆት ያድርሰው፤ የሄደውንም ይቀበለው። ወሏሁ አዕለም።